አንድ አስተናጋጅ፣ ብዙ ምድጃ

የዛሬው ርዕስ ዲጂታል መንግሥት ነው።

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ምግብ ቤት የገባ ሰው ጥብሱንም ሽሮውንም ቡናውንም የሚያዘው ለአንድ አስተናጋጅ ነው። ጓዳ ገብቶ ማን እንደሚጠብስ፣ ማን እንደሚያፈላ አያጣራም። ከዲጂታል መንግሥትም የሚጠበቀው ይኸው ነው።

ታዲያ እዚያ እንዴት ይደረሳል? ካረን ሌይንና ጁንግዉ ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት አራት ደረጃዎችን አስቀምጠዋል። መጀመሪያ መረጃ ይለጠፋል፤ የምግብ ዝርዝሩን በር ላይ እንደ መስቀል ማለት ነው። ቀጥሎ ማዘዝ ይቻላል። የቀሩት ሁለቱ ግን ከባድ ናቸው። ጓዳው ራሱ መገናኘት አለበት፦ መጀመሪያ የበላይና የበታች መሥሪያ ቤቶች፣ ከዚያም ጎን ለጎን ያሉት። ብዙ አገር የሚደክመው እዚህ ላይ ነው።

የሎስ አንጀለስ ከተማ 311 የስልክ መስመርና መተግበሪያው ለአንዱ አስተናጋጅ ጥሩ ማሳያ ናቸው። አሮጌ ሶፋ የሚያነሳው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የመንገድ መብራት የሚጠግነው ሌላ። ነዋሪው ግን የሚያመለክተው በአንድ በር ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ ሰጪው ከተማዋ ሳትሆን የምትገኝበት ካውንቲ ነው።

አገር ቤትም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። እርግጥ አብሮ መቀመጥና መረጃ መለዋወጥ የተለያዩ ናቸው። ተገልጋዩን በየተቋሙ ለመለየት የሚያገለግለው የጋራ ቁልፍ ደግሞ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ነው።