በእንቅብ የቀረ ፈትል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን ወገኖቻችን ጀምረው ሳይፈጽሙት በሞት ስለ ተለዩት ሥራ ነው። ሥራውም በዓይን ሲያዩት ትንሽ ነው፤ በእንቅብ ውስጥ የቀረ የጥጥ ፈትል ነው።

እናቱ ስትፈትል አይቶ ያደገ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ጥጡ ከፍሬው ተለይቶ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው አመልማሎ ይሆናል፤ አመልማሎውም በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። ጋቢ በአራት ድርብ የሚለበስ ስለ ሆነ ብዙ ማግ ይፈልጋል። የቤቱ ሥራ ሁሉ ያለባት እናት ማታ ማታ እየፈተለች ለአንድ ጋቢ የሚበቃውን እስክታደርስ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ ሞት ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንቅቡ ሳይሞላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከንስሐ ልጆቼ አንዲቱ እንዲህ ያለ እንቅብ ይዛ ወደ ቤቴ መጣች። ነገሩን በኑዛዜ የሰማሁት አይደለም፤ ስሟን ሳልጠራ እንድናገረውም ፈቅዳልኛለች። እናቷ ካረፉ አርባ ቀን አልፎ ነበር። እኒያ እናት ለታናሹ ልጃቸው ጋቢ ይሆን ዘንድ ሲፈትሉ፥ ሥራው ከእኩሌታ ጥቂት እንዳለፈ ታመሙና ዐረፉ። እኅትና ወንድም ግን በአባታቸው ቤት ውርስ ተካሰው ከተኰራረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

«አባቴ፥ ይህን ፈትል ልሽጠውና ዋጋውን ለቤተ ክርስቲያን ልስጥ፤ ለእናቴ ነፍስ ይሁንላት» አለችኝ። እኔም ነገሩ መንፈሳዊ መስሎ ታየኝና «መልካም ነው፥ ልጄ» አልኋት።

እርሷ ከሄደች በኋላ ግን በማርቆስ ወንጌል በሰባተኛው ምዕራፍ የተጻፈው ተግሣጽ ትዝ አለኝ። ጌታችን፥ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ርዳታ «ቁርባን ነው» እያሉ የሚከለክሉትን ሰዎች ወቅሷቸዋል። ይህች ልጅ ለወንድሟ የታሰበውን ለመቅደስ ስትሰጥ፥ እኔም ካህኑ ስቀበላት፥ ሁለታችን በእግዚአብሔር ስም ተሸፍነን ከእግዚአብሔር ትእዛዝ ልናመልጥ ነበር። በማግሥቱ አስጠራኋትና «ትናንት ያልሁሽ ስሕተት ነው፤ ይቅር በይኝ። ፈትሉ ባለቤት አለው። የጐደለውን ፈትለሽ፥ አሠርተሽ፥ ለወንድምሽ ስጪው» አልኋት። «ለእርሱ ልፍተልለት?» ብላ ተቈጥታ ሄደች፤ ሁለት ወርም ወደ እኔ አልመጣችም።

በኋላ እንደ ነገረችኝ፥ እንቅቡን ባየችው ቍጥር የእናቷ እጅ እየታሰባት እንቅልፍ ነሣት። አንድ ሌሊት ተነሥታ እንዝርቱን ያዘች። እንዝርት ከያዘች ብዙ ዘመን ሆኗት ስለ ነበር፥ ደግሞም ቍጣዋ ስላልበረደ፥ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገራት። ነገር ግን ለወንድሟ ብላ መፍተሉን ሳትተው ሰነበተችና ልቧም እጇም አብረው ለዘቡ።

ፈትሉ ሲሞላ ወደ ሸማኔ ወሰደችው። ሸማኔው መርምሮ «ይህ የሁለት ሰው እጅ ነው፤ አንዱ ቀጭን፥ አንዱ ወፍራም ነው» አላት። እርሷም አፍራ የራሷን ልታወጣው ፈለገች። እርሱ ግን ከለከላትና አንዱን ቀሰም ከእናቲቱ ማግ፥ አንዱን ከልጂቱ እያደረገ፥ መወርወሪያውን በየተራ እየወረወረ ሠራው። ስለዚህ ወፍራሙ ፈትል በአንድ ቦታ ተከማችቶ ጋቢውን አላበላሸውም።

ጋቢውን ይዛ ከወንድሟ ደጅ ቆመች። «እናታችን የጀመረችልህ ነው» ብላ ሰጠችው። እርሱም «እትዬ፥ ግቢ» አላት። የቤቱ ክርክር በዚያ ቀን አላለቀም፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የጨረሱት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ነገር ግን በእናታቸው ሙት ዓመት ሁለቱ በአንድ መሶብ ሲበሉ በዓይኔ አየሁ።

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፥ ከዚህ ምን እንማራለን? ንጉሥ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ወርቁን፥ ብሩን፥ ናሱን፥ የዝግባውን እንጨት አዘጋጅቶ ዐረፈ፤ ሊሠራው ግን አልተፈቀደለትም። ልጁ ሰሎሞን በነገሠ በ4ኛው ዓመት ጀምሮ በ11ኛው ዓመት ፈጸመው። አባቱ ያከማቸውን «መታሰቢያ ነው» ብሎ ቈልፎበት ቢቀመጥ ኖሮ ቤተ መቅደሱ ባልቆመ ነበር። ደግሞ በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ባረፈች ጊዜ፥ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት እርሷ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው። ሥራዋ የመሰከረላት ለድኾች ስለ ደረሰ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ተመልከቱ። የሟች እናታችሁ ፈትል፥ የአባታችሁ ያልተፈጸመ ስእለት፥ ያልተከፈለ ዕዳ፥ ላስተምረው ብለው ጀምረውት የቀረ የዘመድ ልጅ አለ? ለማን ታስቦ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ባለቤቱን ብትወዱት ፈጥናችሁ ስጡት፤ ብትጣሉት ደግሞ ይልቁን ፍጠኑ። የእኔ እጅ እንደ እርሷ አያምርም ብላችሁ አትተዉት፤ ያልለበሱት ቀጭን ፈትል ከብርድ አያድንምና። ራሳችሁ ባትችሉ ለሚችል ሰው ሰጥታችሁ አስፈጽሙት። ተዝካርና ጸሎተ ፍትሐት ይገባል፤ ነገር ግን እነዚህን ስናደርግ ሟች የወደደውን ሰው መጥላት አይገባንም።

እናንተም በሕይወት ያላችሁ ወላጆች፥ የምትሠሩት ለማን እንደ ሆነ ለልጆቻችሁ ተናገሩ። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ሕይወቱን ከሸማኔ እጅ ተቈርጦ እንደሚወርድ ሸማ አድርጎ አይቶታል። የእኛም ሸማ መቼ እንደሚቈረጥ አናውቅም።

ወላዲተ አምላክ የብሥራቱን ቃል የሰማችው ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል እንደ ነበረ አባቶቻችን አስተምረውናል። አማላጅነቷ የእኛንም የተለያየ ልብ ያስማማልን። በእኛ መልካሙን ሥራ የጀመረ አምላክ እርሱ ይፈጽምልን፤ የሙታንን ነፍስ በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።