ስልኩ ቢጠፋ ምን ይተርፋል?

(ለማኅበራችን አባላት በወርኃዊው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስልክ ሲሰረቅ መጀመሪያ የሚያስደነግጠን ዋጋው ነው። ሁለተኛው ድንጋጤ ማታ ይመጣል፤ የደንበኞች ቁጥር፣ የዱቤ ማስታወሻ፣ የቁጠባ ደብተሩ ፎቶ፣ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ምስል። ስልክ እንደምንም ይገዛል፤ እነዚህን ግን የሚሸጥ የለም።

የቴሌብር ገንዘብ ስልኩ ውስጥ የተቀመጠ አይደለም፤ ከቁጥራችን ጋር የተያያዘ ነው። ሲሙን ቶሎ አዘግቶ ምትክ ማውጣት ነው። ታዲያ ሲሙ በማን ስም ነው ያለው? በባል ወይም በወንድም ስም ከሆነ፣ ምትክ ለማውጣት የእሱ መምጣት ግድ ይሆናል። ቁጥሩ የእናንተ ከሆነ በስማችሁ አድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አብዛኞቻችን የያዝነው አንድሮይድ ነው። ስልኩን ስንገዛ የሱቁ ልጅ ፈጠን ብሎ ጂሜይል ይከፍትልናል፤ የይለፍ ቃሉን አይነግረንም፣ እኛም አንጠይቅም። ስልኩ ሳለ ችግር የለም። ሲጠፋ ግን በዚያ ጂሜይል የተቀመጠው ሁሉ ቁልፉ በማይታወቅ ቤት ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የይለፍ ቃሉን ራሳችሁ ቀይሩ፤ መልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩም የእናንተ ይሁን። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ቤት አስቀምጡት፤ ቦርሳ ውስጥ ከስልኩ ጋር አይዙር።

ጎግል በነፃ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ የአይፎን ደግሞ 5። የስልክ ቁጥሮች ከዚህ የሚወስዱት ኢምንት ነው። ነገር ግን አዲስ ቁጥር ስትመዘግቡ ሲም ወይም ስልክ ላይ ሳይሆን ጂሜይላችሁ ላይ እንዲቀመጥ ምረጡ። ቦታውን የሚጨርሱት ፎቶና ቪዲዮ ናቸው። ጎግል ፎቶስ ላይ ባክአፑን ስታበሩ በዋይፋይ ብቻ እንዲሠራ አድርጉት፤ ያለዚያ የወር ፓኬጃችሁን በአንድ ቀን ይበላዋል። እዚያው ገብታችሁ ፎቶ ብታጠፉ ግን ከስልኩም ከማስቀመጫውም ይጠፋል፤ ባክአፕ የተደረገ ከሆነ ለ60 ቀን መመለስ ይቻላል።

ቴሌግራም የምትወዱ ሴቭድ መሴጅስ ውስጥ ለራሳችሁ መላክ ትችላላችሁ። የደብተር ገጽ ከሆነ በፋይል መልክ ላኩት፣ ጽሑፉ እንዳይደበዝዝ። የመግቢያ ኮዱን የሚጠይቅ ሰው፣ ማንም ነኝ ቢል፣ ሌባ ነው። ዋትስአፕ ላይ የቻት ባክአፕ ካላበራችሁ በአዲሱ ስልክ የድሮው ወሬ አይመጣም።

ሜሞሪ ካርድ ላይ ገልብጫለሁ የምትሉ አላችሁ። ካርዱ ስልኩ ውስጥ ከሆነ ሌባው ሁለቱንም ነው የወሰደው! ፍላሽ ይሻላል፤ ያውም ቤት የሚቀመጥ።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ በምታምኑት ሰው ስልክ በጂሜይላችሁ ገብታችሁ ቁጥሮቹና ፎቶዎቹ መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ። ስትጨርሱ መውጣት አትርሱ።

ከቡናው በኋላ የጂሜይሏን የይለፍ ቃል የማታውቅ ካለች ስልኳን ይዛ ወደ እኔ ትምጣ፤ ቁልፉን የምትጽፈው ግን ራሷ ናት፣ እኔም ፊቴን አዞራለሁ።