ልጄ በሰው አገር ፖሊስ ሊሆን ነው
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬው ርዕሳችን ከአንዲት እናት ደብዳቤ የመጣ ነው። እናታችን የሚኖሩት ደሴ ነው፤ ደብዳቤውን የጻፈችላቸው የልጅ ልጃቸው መሆኗን መጨረሻው ላይ ራሷ ነግራናለች። ልጃቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። መጋዘን ውስጥ ሠራ፣ ታክሲ ነዳ፣ ማታ ማታ ተማረ፣ ዜግነትም አገኘ። አሁን ደግሞ ደውሎ «እማ፣ ፖሊስ ልሆን ነው፤ ዱዓ አድርጊልኝ» አላቸው። አባትየው ስልኩን ተቀብለው «ለሰው ሕግ ጠመንጃ ልትሸከም ነው የላክንህ?» ብለው ዘጉት። ከዚያ ቀን ወዲህ አባትና ልጅ አይነጋገሩም። እናት የሚጠይቁን ሦስት ነገር ነው። ሥራው ሐላል ነው ወይ? ሰው ቢገድልብኝስ? ልጃቸው ለሐጅ ብሎ ገንዘብ እያጠራቀመላቸው ነውና፣ ከዚህ ደመወዝ በሚመጣ ገንዘብ ሐጅ ማድረግስ ይቻላል ወይ?

እኛ ሙፍቲዎች አይደለንም። ፈትዋ የሚፈልግ ሰው ጉዳዩን ዘርዝሮ በአካባቢው ላለ ዓሊም ያቅርብ። ነገር ግን ከዑለማዎቻችን የሰማነውንና ስለ ሥራው የምናውቀውን ብንነግራቸው፣ ቢያንስ አባትና ልጅ በምን ላይ እንደተጣሉ ይታወቃል ብለን አሰብን።

ዑለማዎች በዚህ ጉዳይ ተለያይተዋል። አንደኛው ወገን ሙስሊም ከሸሪዓ ውጭ የሆነን ሕግ በጉልበት ማስከበር የለበትም ይላል። አባታችን የቆሙት እዚህ ጋ ነው፤ ከሜዳ የተነሱ አይደሉም። ሌላው ወገን ሥራውን በየክፍሉ ለያይቶ ያያል። ሌባን መያዝ፣ የጠፋን ሕፃን ለወላጁ ማድረስ፣ ሚስቱን የሚደበድብን ባል ማስቆም፣ ሰክሮ የሚነዳን ሾፌር ከመንገድ ማውጣት በማንም አገር መልካም ሥራ ነው። በደል ላይ መተባበር ደግሞ በማንም መንግሥት ሥር፣ በሙስሊም መንግሥትም ቢሆን፣ ሐራም ነው። ይህ ወገን የሚያቀርበው አንዱ ማስረጃ የነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው። በሰው አገር፣ ምስር ውስጥ፣ በባርነት ተሸጠው፣ በሐሰት ተከሰው፣ እስር ቤት ከርመው ሲወጡ፣ በእርሳቸው ሃይማኖት ካልነበረ ንጉሥ ዘንድ የአገሩን ጎተራ የመጠበቅ ኃላፊነት ጠየቁ። የመጀመሪያው ወገን «እርሳቸው ነቢይ ናቸው፣ ሥልጣናቸውም ሙሉ ነበር» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ረጅም ነው፤ እዚህ አንጨርሰውም። በዚያው ሱራ ውስጥ ግን ለፖሊስ የሚሆን ነገር መኖሩን ሳንጠቅስ አናልፍም። የዩሱፍ ቀሚስ የተቀደደው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? እውነቱ የታወቀው በጩኸት ሳይሆን ማስረጃ ተመርምሮ ነው።

ሰላምን ማስጠበቅ ራሱ ለዲናችን እንግዳ አይደለም። አነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ቀይስ ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ የነበራቸው ቦታ፣ የጸጥታ ኃላፊ ከአሚሩ ዘንድ እንዳለው ቦታ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) የመዲናን ሰፈሮች ሌሊት እየዞሩ ይጠብቁ እንደነበር ሕፃናቶቻችንም ያውቁታል። በሌላ በኩል ደግሞ ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ በተዘገበ ሐዲስ፣ ጅራፍ ይዘው ሰዎችን የሚገርፉ ሰዎች የእሳት ከሆኑት ወገኖች ተቆጥረዋል። አንዱ ሥራ ሁለት በር አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ብዙ ወጣቶች ስለዚህ ሥራ የሚያውቁት ከፊልም ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ በአብዛኛው አገር ይህ ሥራ ለነዋሪ እንጂ ለመንገደኛ አለመሆኑ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ለመሆን በቅጥሩ ዕለት የአሜሪካ ዜጋ መሆን ይጠይቃል፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ለዜግነት የሚያመለክተው በተለመደው መንገድ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ካሊፎርኒያ ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የዜግነቱን ግዴታ አንስታ የሥራ ፈቃድ ያላቸውን ትቀበላለች። በለንደን አገሩ ውስጥ ያለ ገደብ የመኖር መብትና የሦስት ዓመት ነዋሪነት ይፈለጋል። ስለዚህ «ውጭ አገር ፖሊስ አስቀጥርሃለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሁለተኛው የታሪክ ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ቤት የሚነካ ነገር አለና። አመልካቹ የት እንደኖረ፣ ከማን ጋር እንደሠራ፣ ዕዳው፣ ጋብቻው፣ ፍቺው፣ ወደ አገሩ የገባበት መንገድ አንድ በአንድ ይጠየቃል። ጎረቤትና የቀድሞ አሠሪ ይጠየቃሉ። በብዙ ቦታ ውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ላይም ያስቀምጡታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ምን አለ? በወረቀት ጋብቻ የሄደ አለ። የወንድሙን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ ያስመዘገበ አለ። ዕድሜውን የቀነሰ፣ የሌላ ሰው ስም ይዞ የሄደ አለ። ቤተሰብም «ብቻ ይግባ እንጂ» ብሎ አብሮ የመሰከረበት ጊዜ አለ። ይህ ውሸት ለታክሲ ሹፌር ዓመታት ተኝቶ ሊከርም ይችላል፤ ለፖሊስ አመልካች ግን በአንድ ቀን ከመቃብሩ ይወጣል። የሚያስቀረውም ሥራውን ብቻ አይደለም፤ በማጭበርበር የተገኘ ዜግነት በፍርድ ቤት ሊነጠቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ወንድም ማመልከቻውን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ ተውበቱንም አያዘግይ።

ጉዳዩ በመግቢያው አያበቃም። እ.ኤ.አ በ1963 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ማስረጃን መደበቅ እንደማይችል ወሰነ፤ በኋላም ይህ የምስክርን ታማኝነት የሚነካ ነገርን እንደሚጨምር ተደነገገ። በዚህም የተነሳ ውሸት የተመዘገበበት ፖሊስ ምስክርነቱ ዋጋ ሊያጣ ይችላል፤ የያዘውም ክስ ሊፈርስ ይችላል። ይህን ስናነብ የሐዲስ ዑለማዎች ትዝ አሉን። መዋሸቱ የታወቀበትን ዘጋቢ፣ ቢሰግድ ቢጾምም፣ ዘገባውን አይቀበሉትም ነበር።

ስለ ሂጃብና ስለ ጺም የሚጠይቁን አሉ፤ መልሱ ከተማው ይለያያል ነው። የለንደን ፖሊስ በ2001 ሂጃብን ከደንብ ልብሱ ጋር ፈቅዷል። በሚኒሶታ የሴንት ፖል ከተማ ፖሊስ በ2014 ፈቅዷል። በኒው ጀርሲ ኒውአርክ ሁለት ሙስሊም ፖሊሶች ጺማችሁን ተላጩ ተብለው ከሰሱ። መሥሪያ ቤቱ በቆዳ ሕመም ምክንያት ጺም ለሚያሳድጉ ይፈቅድ ስለነበር፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1999 ለሕመም ከተፈቀደ ለሃይማኖትም ይፈቀድ ብሎ ፈረደላቸው። ያው ፍርድ ቤት ግን በ2009 ሂጃብ የጠየቀች የፊላዴልፊያ ፖሊስ እህትን አልፈረደላትም። ከመግባት በፊት መጠየቅ ይሻላል።

ከልብስ ይልቅ የሚከብደው በሁለት ወገን መጠርጠር ነው። መስከረም 11 ቀን 2001 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ኒው ዮርክ ስትመታ ሙሐመድ ሰልማን ሐምዳኒ የተባለ፣ ካራቺ ተወልዶ በሕፃንነቱ አሜሪካ የገባ የ23 ዓመት ወጣት ጠፋ። የፖሊስ ካዴት ነበር፤ የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠናም ነበረው። ቤተሰቡ ሲፈልገው መርማሪዎች ደግሞ ጠርጥረው ይፈልጉት ጀመር፤ ጋዜጣም ስሙን አነሳው። በ2002 አስከሬኑ ከሕንፃዎቹ ፍርስራሽ መገኘቱ ታወቀ። ሰው ለማዳን ሄዶ ነበር የሞተው። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ በክብር ተፈጸመ፤ የእናትየውን የስድስት ወር ጭንቀት ግን ማን ይመልሳል?

ሌላኛው ወገን የራሳችን ነው። ከ2001 በኋላ የዚያችው ከተማ ፖሊስ መስጂዶችን፣ ቡና ቤቶችንና የተማሪ ጀመዓዎችን የሚሰልል ክፍል አቋቁሞ እስከ 2014 ድረስ አቆይቶታል። ስለዚህ ሙስሊም ፖሊስ ጁሙዓ ሲገባ ዞር ብሎ የሚያየው ቢኖር አይገርምም። ቁርአን በሱረቱል ሑጁራት መሰለልን ከልክሏል። ወንጀል ሠርቷል የተባለን ሰው በማስረጃ መከታተል አንድ ነገር ነው፤ ሰጋጅ ስለሆነ ብቻ ሰውን መከታተል ሌላ። ልጃችን ይህን ሥራ ቢያዙት «አልችልም» ማለት እንዳለበት ከመግባቱ በፊት ይወቅ።

እናታችን «ሰው ቢገድልብኝስ?» ብለው የጠየቁትን ቀላል አድርገን አናልፍም። ነገሩ እዚያው ልጃቸው ባለበት ግዛት ደርሷልና። ሐምሌ 15 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ) ሌሊት በሚኒያፖሊስ አንዲት ሴት ከቤቷ ጀርባ ሰው የተጠቃ መስሏት ፖሊስ ጠራች። ወደ ፖሊሶቹ መኪና ስትጠጋ፣ ሙሐመድ ኑር የተባለ ሶማሊያ የተወለደ ፖሊስ ደንግጦ ተኩሶ ገደላት። ለእርዳታ የጠራችው ራሷ ነበረች። በ2019 ተፈርዶበት 12 ዓመት ተኩል እስር ተበየነበት፤ በ2021 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከባዱን ክስ ሽሮለት ቅጣቱ ወደ 57 ወር ዝቅ አለ። ከተማዋ ለሟች ቤተሰብ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ያ ሰው ሲቀጠር የሶማሌ ማኅበረሰብ ኮርቶበት ነበር። ሸሪዓችን በስህተት ለተገደለ ነፍስ እንኳ ዲያ እና ከፋራ አዟል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት ያልቻለ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ይህ በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 92 ላይ አለ። የአንድ ሰከንድ ድንጋጤ ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ባለመተኮስም ይጠየቃል። ግንቦት 25 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ) በዚያችው ከተማ አንድ ፖሊስ የጆርጅ ፍሎይድን አንገት ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ በጉልበቱ ተጭኖ ሲገድለው ሦስት ባልደረቦቹ አብረውት ነበሩ። ሁለቱ ሥራ ከጀመሩ በጣት የሚቆጠር ቀን የሆናቸው ጀማሪዎች ናቸው፤ ገዳዩ ብዙ ዓመት የሠራ የበላያቸው ነበር። ሦስቱም ተፈርዶባቸው ታስረዋል። «አለቃዬ ነው» ማለት ፍርድ ቤት አላዋጣቸውም። እኛም ዘንድ ፈጣሪን በማመፅ ለፍጡር መታዘዝ የለም። ለመሆኑ ገና ሦስተኛ ቀኑን የሚሠራ ስደተኛ፣ እንጀራው በአለቃው ብዕር ላይ የተንጠለጠለ፣ እጁን ዘርግቶ «በቃ፣ ተነሣለት» ማለት ይችላል? ልጃችን ይህን ጥያቄ ከሩጫው ፈተና በፊት ራሱን ይጠይቅ። አልችልም ካለ መጋዘኑ ይሻለዋል፤ አያሳፍርም።

የሚችል ሰው እንዳለም አይተናል። ዲዳሩል ኢስላም ከባንግላዴሽ የሄደ ስደተኛ ነበር። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ጥበቃ ሠራ፣ ከዚያ የኒው ዮርክ ፖሊስ ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ) ማንሃተን ውስጥ አንድ ሕንፃ ሲጠብቅ፣ መሣሪያ ይዞ የገባ ሰው እርሱንና ሌሎች ሦስት ሰዎችን ገደለ። 36 ዓመቱ ነበር፤ ባለቤቱ ሦስተኛ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። ብሮንክስ በሚገኝ መስጂድ ሰላተል ጀናዛ ተሰገደበት፤ ሙስሊሙና ደንብ ልብስ የለበሰው ፖሊስ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ይህን ያነሳነው እናታችንን ለማስፈራራት አይደለም። ነገር ግን «ሥራው ጥሩ ደመወዝ አለው» ብቻ ብለን ብንመልስላቸው አደራ መብላት ይሆንብናል።

የቀረው የሐጁ ገንዘብ ነው። ሥራው ሐላል ነው ባሉት ዑለማዎች ዘንድ፣ ሰው በፍትሕ ጠብቆ የሚቀበለው ደመወዝ ሐላል ነው፤ ሐጅም ያስደርጋል። የማይሆነው ከደመወዙ ውጭ የሚመጣው ነው። ዘካ እንዲሰበስብ የተላከው ሰው ተመልሶ «ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው» ባለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ወጥተው ተቆጥተዋል፤ ወላጆቹ ቤት ቁጭ ቢል ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠይቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ለፖሊስ በነፃ ቡና የሚቀዱ ካፌዎች አሉ ይባላል። ልጃችን የቡናውን ሂሳብ ይክፈል፤ ያኔ እናቱ ሳይጨነቁ ይጡፋሉ።

ለአባታችን አንድ ነገር ብቻ እንላለን። ያነሱት ሐሳብ ዑለማም ያለበት ስለሆነ ልጅዎ ሊሰማው ይገባል። ስልኩ ተዘግቶ ግን ሊሰማው አይችልም። ጁሙዓ ከመድረሱ በፊት ይደውሉለት። የኑርን ታሪክ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ሲገባ ያስመዘገበው ስምና ዕድሜ እውነተኛ መሆኑን ይጠይቁት፤ አለቃው በደል ቢያዘው ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁት። መልሱን ሰምተው ቢያዝኑም ቢደሰቱም፣ ከልጅዎ አፍ የሰሙት ይሆናል።

ልጁ የጽሑፍ ፈተናውን በሚመጣው ወር እንደሚወስድ እናታችን ጽፈዋል። የልጅ ልጃቸው የሆነውን ሁሉ እንድትጽፍልን አደራ ብለናታል፤ ደብዳቤዋ ሲደርሰን በዚሁ ዝግጅት እናነበዋለን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።