ከአርማታው በፊት ነዋሪው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ መኖሪያ ሕንጻ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በቅድሚያ ትዝ ያለኝ የራሴ ስሕተት ነው። በሥራው ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ስሌት ተሰጠኝ። የምሰሶውን ጭነት፣ የብረቱን መጠን፣ የደረጃውን ስፋት በጥንቃቄ አሰላሁ። ሕንጻው አልቆ ሰው ከገባበት በኋላ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ቡናዬን የምቆላው የት ነው? ጢሱስ በየት ይውጣ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ሕንጻው ጸንቶ ቆሟል፤ ቤት መሆን ግን አልቻለም ነበር።

ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ጥያቄ ከስሌቱ አስቀድሞ ሊመልስ ስለ ሞከረ አንድ ሕንጻ ነው። የሚገኘው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በማርሴይ ከተማ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ፈረንሳይ ቤት ያጣ ሕዝብ በዝቶባት ነበር። በ1945 የመልሶ ግንባታው ሚኒስትር ራውል ዶትሪ ለማርሴይ አንድ ትልቅ መኖሪያ እንዲነድፍ ለአርክቴክቱ ለለ ኮርቡዚየ አደራ ሰጡት። ሥራው በ1947 ተጀምሮ በ1952 ተመረቀ። በዚህ መካከል ያልደረሰበት ነቀፋ አልነበረም። የአገር ውበት ጠባቂ ነኝ ያለ ማኅበር ፍርድ ቤት አቆመው፤ የከተማው ሰውም «የእብዱ ቤት» የሚል ስም አወጣለት።

ሕንጻው ርዝመቱ ወደ 137 ሜትር፣ ወርዱ 24 ሜትር፣ ከፍታው 56 ሜትር ያህል ነው። 18 ፎቆች፣ 337 ቤቶች አሉት፤ የታሰበውም ለ1600 ሰው ያህል ነው። ቤቶቹ ከብቸኛ ነዋሪ እስከ ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ እንዲበቁ በ23 ዓይነት ተነድፈዋል። መላው አካል በወፍራም ዓምዶች ላይ ተሸክሞ ስለ ቆመ ከሥሩ ሰው እንደ ልቡ ይመላለሳል።

በመጀመሪያ የታሰበው የብረት አጽም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ብረት በመጥፋቱ ወደ አርማታ ተዞረ። የሣንቃው ፎርማ የተወውን መሥመርና ጉድፍ በልስን ከመሸፈን ይልቅ እንዳለ ተዉት። ከእጦት የተወለደው ይህ ሻካራ ፊት ከዚያ በኋላ በብዙ አገር የሕንጻ ሥራ መለያ ሆነ።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠን ውስጡ ነው። ከአውሮፕላን ሥራ የመጣው መሐንዲስ ቭላዲሚር ቦዲያንስኪ ከአርክቴክቱ ጋር አብሮ ሠርቷል። የአርማታው አጽም እንደ መደርደሪያ ነው፤ ቤቶቹ በመደርደሪያው ውስጥ እንደ ገቡ ሣጥኖች ናቸው። የጎረቤት ድምፅ እንዳይተላለፍም ከአጽሙ ጋር በሚገናኙበት ቦታ የእርሳስ ማዕድን ንጣፍ ገብቷል። መተላለፊያው በየሦስት ፎቁ አንድ ብቻ ነው። ከዚያው መተላለፊያ አንዱ ቤተሰብ ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ አብዛኞቹ ቤቶች ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ይዘልቃሉ፤ የጠዋቱንም የማታውንም ፀሐይ ያገኛሉ። ብርቱ ነፋስ በሚመጣበት በሰሜን በኩል ግን ግድግዳው ድፍን ነው።

ወጥ ቤቱ ለሳሎኑ ክፍት ስለ ሆነ ወጥ የምትሠራው እናት ከቤተሰቧ አልተለየችም። በመካከለኛው ፎቅ የሱቆች መንገድና ሆቴል፣ በጣሪያው ላይ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ የልጆች መዋኛና የሩጫ መም ተሠርተዋል። የክፍሎቹ ልክ የተወሰደው ከሰው ቁመት ነው፦ 1.83 ሜትር የቆመ ሰው፣ 2.26 ሜትር ደግሞ እጁን የዘረጋ ሰው።

ወገኖቼ፤ ይኸው አርክቴክት ስለ እኛም ከተማ አንድ ጊዜ አስቦ ነበር። በ1936፣ አዲስ አበባ በፋሽስት ወረራ ሥር ሳለች፣ ከተማችንን በዓይኑ ሳያይ የአዲስ አበባ ፕላን ነድፎ ለኢጣልያ ባለ ሥልጣኖች አቀረበ። በዚያ ንድፍ ውስጥ ሰፊ ጎዳናና ቀጥ ያለ መሥመር አለ፤ ነባሩ ሰፈርና ነዋሪው ግን የሉም። ንድፉ ወረቀት ሆኖ ቀረ። አንዱ እጅ ሁለቱን ሠራ፤ በአንደኛው ከክፍሉና ከቤተሰቡ ተነሣ፤ በሁለተኛው ግን ባዶ አድርጎ ከቈጠረው መሬት።

ማርሴይም ቢሆን ከእንከን የጸዳ አይደለም። የልጆቹ ክፍል ወርድ 1.83 ሜትር ብቻ ነው። ሱቆቹም እንደ ታሰበው አልደሩም፤ በሕንጻው የሚኖረው ሰው ብቻውን ሊያኖራቸው አልቻለም፤ የውጭ ገበያተኛም ለዳቦ ብሎ ሰባተኛ ፎቅ አይወጣም። ነዋሪውን ሳይጠይቁ የወሰኑለት ነገር ሁሉ፣ የወሰነው ሰው ሊቅም ቢሆን፣ በዚሁ መንገድ ይጎድላል።

ሕንጻው ግን አልሞተም። ቤቶቹ በ1950ዎቹ ለነዋሪዎች ተሸጡ፤ ባለቤት አገኙ። በየካቲት 2012 እሳት ተነሥቶ አንዳንዶቹን ቤቶች ቢጎዳም ታደሰ። በ2016 ደግሞ ዩኔስኮ ከሌሎቹ የለ ኮርቡዚየ ሥራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ለዚህ ያበቃው የአርማታው ጥንካሬ ብቻ አይመስለኝም፤ «ይህ ቤቴ ነው» የሚል ሰው በውስጡ መኖሩም ነው።

በከተሞቻችን ፎቅ በፎቅ ላይ እየተደረበ ነው፤ ብዙዎቻችሁም እጃችሁ አለበት። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ምሰሶ ከማስላታችን በፊት ከሚገቡበት ሰዎች ጋር እንቀመጥ፤ ቡናው የት እንደሚቆላ፣ ሕፃኑ የት እንደሚጫወት፣ ሐዘንተኛው የት እንደሚቀመጥ እንጠይቅ። ያችን እናት ዛሬ ባገኛቸው ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ከእናንተ መካከል ሌላ ይቅርታ ጠያቂ እንዳይኖር ግን ገና ጊዜ አለን።