መስመሩን ማን ያሰምር?
የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ከተሞች መራጮች ያደረጉት ንግግር



በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ይነገራል። እኛም በእነዚህ ጉዳዮች ያለንን አቋም በዚህ ማኒፌስቶ አስፍረናል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ከሁሉም ስለሚቀድም ነገር ነው፤ ይኸውም የምርጫ ክልል ወሰን ነው። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መስመር ይሰመራል። ማን ከማን ጋር ሆኖ እንደሚመርጥ፣ ስንት ሰው በአንድ ወንበር እንደሚወከል የሚወሰነው ያኔ ነው።

የቆላው ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ወንዝ ጠልፎ ማሾና ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ቦይ በአንድ ክንድ ሲዞር የማን ማሳ እንደሚጠጣ፣ የማን እንደሚደርቅ ያውቃል። ስለዚህ የውሃ አባት ሲመርጥ የሚታመን ሰው ይመርጣል፤ የውሃ አባቱ ቢያዳላም አቤት የሚልበት ሽማግሌ አለው። መስመር የሚያሰምረው አካል ቢያዳላ ግን ለማን አቤት ይባላል? የዛሬው ንግግራችን ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ምርጫ በእኩልነት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ይደነግጋል። በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 ወንበር ለአነስተኛ ብሔረሰቦች እንዲሆን ያዛል፤ በየምርጫ ክልሉም አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። አንቀጽ 103 ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱና በምርጫ ቦርድ በሚቀርበው ሐሳብ መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን ያዛል።

በጽሑፍ መልካም ነው። በተግባርስ? 547ቱ የምርጫ ክልሎች ሲዋቀሩ የአገሪቱ ሕዝብ 53 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ለአንድ ወንበር ወደ 100 ሺህ ሰው ይደርስ ነበር ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ሕዝቡ ወደ 74 ሚሊዮን ደረሰ፤ ወንበሩ ግን ያው 547 ሆኖ ቀረ። በዚያው ቆጠራ ስናሰላው በአማራ ክልል 138 ወንበሮች ለእያንዳንዱ 125 ሺህ ያህል፣ በኦሮሚያ 178 ወንበሮች ለእያንዳንዱ 152 ሺህ ያህል፣ በሶማሌ 23 ወንበሮች ለእያንዳንዱ 193 ሺህ ያህል ሰው ደረሳቸው። እኩል ድምፅ የሚለው ቃል እንዲህ እያሳሳቀ ተወሰደ።

ከ1999 ዓ.ም ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። ለ2010 ዓ.ም ታቅዶ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ተላለፈ፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ እንደገና ተራዘመ። የተቆጠረውም ቢሆን ሕዝቡ አምኖ የተቀበለው አልነበረም፤ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን አንሶ መገኘቱ በተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር ጥያቄ ማስነሣቱ ይታወሳል። ቁጥሩ ካልታመነ በቁጥሩ ላይ የሚሰመረው መስመር አይታመንም።

ከተማና ገጠር

አንድ ከተማ ብቻውን የምርጫ ክልል ለመሆን የሕዝብ ቁጥሩ ካልበቃ ከዙሪያው የገጠር ቀበሌዎች ጋር ይጣመራል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከተሜውና ገበሬው በአንድ ገበያ የሚኖሩ ናቸው። ጥፋቱ ከተማው ሲያድግ፣ የራሱ ከተማ አስተዳደር ሲሰጠው፣ ቀበሌዎቹ ሲታጠፉና ሲከፈሉ የምርጫ ካርታው ባለበት ሲቀር ነው። አዲስ አበባን ተመልከቱ፤ 28ቱ ወረዳዎች ፈርሰው 10 ክፍለ ከተሞች ቢተኩም፣ በኋላም 11ኛው ቢጨመር፣ የምርጫ ክልሎቹ እንደ ድሮው 23 ናቸው። የሚያስተዳድርህ ካርታና የምትመርጥበት ካርታ ሲለያዩ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ይጠፋል።

የአካባቢ ምርጫና ዕጩዎች

በአካባቢ ምክር ቤቶች ነገሩ የባሰ ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ምርጫ ለአንድ ቀበሌ ምክር ቤት የሚመረጡት ሰዎች ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ፤ በመላ አገሪቱ ለውድድር የቀረበው ወንበር ወደ 3.6 ሚሊዮን ደረሰ። ይህን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችለው መንግሥታዊ መዋቅሩን የያዘ ፓርቲ ብቻ ነበር። መስመር ሳይነካ የወንበሩን ቁጥር በማብዛት ብቻ ተፎካካሪን ከሜዳ ማስወጣት እንደሚቻል ያኔ ታየ። በ2005 ዓ.ም ደግሞ 33 ፓርቲዎች ሳይሳተፉ ቀሩ።

ከዚያስ? በ2010 ዓ.ም መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ ይህ ንግግር እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስም አልተካሄደም። በ2005 ዓ.ም 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት ዛሬ ወደ ሠላሳ እየተጠጋ የቀበሌውን ምክር ቤት አንድም ቀን አልመረጠም። የመሬት ማስረጃ፣ የንግድ ቦታ፣ የውሃ መስመር የሚጠይቀው ግን በዚያው ቀበሌ ነው።

ፍርድ ቤት የት አለ?

ፍርድ ቤት በምርጫ ጉዳይ ዋጋ እንዳለው አይተናል። በግንቦት 2013 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እስር ላይ የነበሩ የባልደራስ አመራሮች በዕጩነት እንዲመዘገቡ ወስኗል፤ ቦርዱም የድምፅ መስጫ ወረቀት ታትሟል ብሎ ከተከራከረ በኋላ ውሳኔውን ፈጽሟል። ከሐረሪ ክልል ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ እንዲመርጡም ክርክሩ በፍርድ ቤት ተወስኗል። ዕጩና መራጭ በዳኛ ፊት መብቱን ሊያስከብር ይችላል ማለት ነው።

ስለ ወሰን ግን መንገዱ ጠባብ ነው። የምርጫ ክልል ወሰን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ በአንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክር የሚፈታውም እርሱ ነው። አባላቱን የሚመርጡት ደግሞ በእነዚያው መስመሮች የተመረጡ የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። የክልል ዳኞችንም የሚሾሙት እነዚሁ ምክር ቤቶች ናቸው። አሰማሪውም ዳኛውም አንድ ሲሆን አቤቱታ ወደ ወጣበት ይመለሳል።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት 290 የምርጫ ክልሎቿ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ በኮሚሽን እንዲከለሱ፣ ቅር ያለው ዜጋም ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት እንዲል ፈቅዳለች። በአሜሪካ የአላባማ ግዛት እ.ኤ.አ የ1900ን ቆጠራ ይዛ ስድሳ ዓመት መስመር ሳታድስ ቆይታ፣ በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንዱ ዜጋ ድምፅ ከሌላው ሊያንስ አይችልም ብሎ ወስኗል። ሕግ ካለና ዳኛ ካለ ይህ የሚሆን ነገር ነው።

ይፋትን በተመለከተ

የቀድሞው የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ሕዝብ ዛሬ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደርና በአርጎባ ልዩ ወረዳ ተከፋፍሎ ይኖራል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ግን ገበያቸው አንድ፣ መንገዳቸው አንድ ነው። በ2013 ዓ.ም በአጣዬና በአካባቢው የደረሰውን ጥፋት የማያስታውስ የለም። በሰኔ 14ቱ ምርጫ በዞናችን በጸጥታ ምክንያት ድምፅ ሳይሰጥ የዋለባቸው ቦታዎች ነበሩ። ስለዚህ ለእኛ የወሰን ጉዳይ የወንበር ሒሳብ ብቻ አይደለም። በግልጽ ሳይመከርበት የሚሰመር መስመር ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል፤ በምክክር የተሰመረ ግን ያስማማል።

ቃል የምንገባው

አንደኛ፣ ገለልተኛ ታዛቢ ያለበት የሕዝብ ቆጠራ ሳይውል ሳያድር እንዲካሄድ እንታገላለን።

ሁለተኛ፣ የምርጫ ክልል ጥናት በየከተማው በይፋ ቀርቦ ነዋሪው ሳይመክርበት እንዳይጸድቅ፣ ከምርጫ በፊት ባሉት 12 ወራትም ወሰን እንዳይነካ በሕግ እንዲደነገግ እናደርጋለን።

ሦስተኛ፣ የወሰን አቤቱታ በፍርድ ቤት እንዲታይ የሕግ ማሻሻያ እናቀርባለን።

አራተኛ፣ የአካባቢ ምርጫ በጊዜው እንዲካሄድ፣ የምክር ቤት ወንበሮችም ቁጥር ለሁሉም ተፎካካሪ በሚቻል መጠን እንዲወሰን እንጠይቃለን።

አምስተኛ፣ እንደ አርጎባ ላሉ አነስተኛ ብሔረሰቦች የተሰጠው ውክልና እንዳይሸራረፍ እንጠብቃለን።

የተከበራችሁ መራጮች፣

ለእኛ የሚያደላ መስመር አንጠይቅም። ዛሬ ለእኛ ያደላ መስመር ነገ ለሌላው ያደላልና። የምንጠይቀው የሸዋ ሮቢት ባለሱቅ፣ የማጀቴ ገበሬና የአጣዬ ወጣት ድምፃቸው በአንድ ሚዛን እንዲመዘን ነው። ካርዳችሁን አውጡ፤ የምርጫ ክልላችሁ ከየት እስከ የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ድምፅ የሚለምናችሁን ዕጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ በዚህ ጉዳይ ምን አቋም እንዳለው ጠይቁት። መልስ ያለውን ምረጡ።