የእንግዳው ቀንና የእኛ ሸክላ
በወለቃ፣ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን "ጎንደር እንግዳ ገባ ይሉናል፤ ታዲያ እኛ ዘንድ የማይደርሰው ለምንድን ነው?" ብለው ጠይቀው ነበር። መንገዱ ነው ያለ አለ፤ አስጎብኚዎቹ ናቸው ያለም አለ። የሒሳብ መዝገቡን አገላብጠን ብናይ መልስ አላገኘንበትም። መዝገብ የሚያሳየው የመጣውን ገዢ ነው፤ ያልመጣው በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?

ስለዚህ ባልና ሚስት ሆነን መከርንና አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ለእረፍት እንደመጡ እንግዶች ከተማችንን ልንዞር ወጣን። ዛሬ "እኛ" ስንል አንዳንዴ ማኅበሩን፣ አንዳንዴ ባልና ሚስቱን ነውና ከነገሩ ለዩልን። ሚስትየዋ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች ደረሰኝ ሰበሰበች፤ ደረሰኝ የሌለውንም በደብተር ጻፈች። አባወራው እንኳ "ለመዝናናት ወጣን ወይስ ለኦዲት?" ብሎ አጉረምርሟል።

ከወለቃ ጎንደር 6 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሆኖም ፋሲል ግቢን ያየነው ተማሪ ሳለን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ናችሁ።

ከቁርስ በኋላ ግቢው ገባን። የዙሪያው አጥር ርዝመት 900 ሜትር ነው። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ በኋላ ልጃቸው ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ፣ ከዚያም ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሠሩበት። ዩኔስኮ ግቢውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው። የፋሲል ግንብ በኖራና በድንጋይ ተሠርቶ ይህን ሁሉ ዘመን ሲቆም፣ የኢያሱ ግንብ ግን ዛሬ ጣሪያ የለውም፤ ከውስጥ ቀና ሲሉ ሰማይ ነው የሚታየው። የአንበሶቹ ቤት ጋ ስንደርስ አባወራው ደከመውና ጥላ ሥር ተቀመጠ።

አስጎብኚያችን ጎበዝ ልጅ ነው። የነገሥታቱን ስም ከነዘመናቸው አንድም ሳይስት ነገረን። "ድንጋዩን የጠረበውስ ማን ነው?" ብንለው ግን ፈገግ ብሎ አለፈን። የታሪክ ጸሐፊዎች በጎንደር ግንባታ ቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩበት ይጽፋሉ። ያ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ከአእምሯችን አልወጣም፤ ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ምሳ ፒያሳ አካባቢ በላን። ሸክላ ጥብስ አዘዝን። ሥጋው ከሥሩ ፍም ይዞ እየተንጫጫ መጣ። አባወራው ሥጋውን ያያል፤ እኛ ሸክላውን እናያለን። ጠርዙ ላይ ያለውን ጣት የተጫነውን ጌጥ አይተን ከየት እንደመጣ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገንም። አስተናጋጇን ብንጠይቃት "ከገበያ ነው የሚገዛው" አለችን። ከምሳ በኋላ ቡና ጠጣን፤ ጀበናውም ያው ነው። እንግዳ ጎንደር ውሎ ሳያውቀው ከእጃችን ይበላል፣ ከእጃችን ይጠጣል። አስቡት፣ ገና ቀትር ነበር።

ከዚያ ወደ ሱቆቹ ሄድን። አንድ ነጠላ ገዛን (ለስብሰባ የለበስነው እሱ ነው፤ ስታዩት ነበር)። ከጎኑ ባለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ተኝተው አየናቸው። አንሥተን ገልብጠን ብናይ ሥሩ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቅን፤ ባለቤቲቱ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ስማቸውን ግን አንጠራም። ሻጩ "አሮጌ ነው፣ የፈላሻ ሥራ ነው" አለን። 450 ብር አለን፤ ከፈልን። ለሠሪዋ 120 ብር እንደተከፈላት መዝገባችን ያውቃል። አሮጌነቱም የሦስት ሳምንት ነው።

ከሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ጫማችንን አውልቀን ገብተን፣ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አንገታችን እስኪያመን አየን። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ንብ ወጥቶ አዳናት ይባላል። ስለዚያ ቦታ ብዙ ማለት ይቻላል፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን አይደለም። በፋሲል መዋኛም አለፍን። ከጥምቀት ውጭ ስለሆነ ውኃ የለውም፤ ለበዓሉ ነው ከቀሃ ወንዝ የሚሞላው። ቅጥሩን አቅፈው የያዙት የዛፎቹ ሥሮች ግን ከውኃው ይልቅ ደስ ይላሉ። ከዚያ ማኪያቶና ኬክ፤ ከዚያ 11 ሰዓት ሆነ፤ ቀኑም አለቀ።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ወለቃ የለችበትም። እንግዳው ጠልቶን አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው፣ ከከተማው በደቡብ፤ እኛ በሰሜን ነን። በደጃችን የሚያልፈው ወደ ደባርቅና ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው ነው። ያን መንገደኛ ደግሞ መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነቱ ወሰዱብን። አሁን የሚመጡት አብዛኞቹ ለሁለት ቀን የሚመጡ ያገራችን ሰዎች ናቸው፤ ሙሽሮች፣ ለዘመድ ሠርግ የመጡ፣ ለጥምቀት የመጡ። እነርሱ ወለቃ የሚወጡበት ሰዓት የላቸውም።

እንግዲህ ደብተሩን እንክፈተው። መጓጓዣ 520፣ ቁርስ 380፣ መግቢያና አስጎብኚ 900፣ ምሳ 1,460፣ ቡና 80፣ ነጠላ 1,900፣ ሰሎሞንና ሳባ 450፣ ማኪያቶና ኬክ 290። ድምሩ 5,980 ብር። ከዚህ ውስጥ ወለቃ የደረሰው 120 ብር ነው፤ ከመቶው ብር ሁለት ብር። ከዚያም ላይ አፈሩን ቆፍሮ መሸከም አለ፣ ገሉን ወቅጦ መቀላቀል አለ፣ ኩበትና እንጨት አለ፣ እሳት ውስጥ የሚሰነጠቀው አለ።

ነጋዴውን ሌባ ለማለት አይደለም። ኪራይና ግብር ይከፍላል። ማንም ባልመጣበት ዘመን እያነሰም ቢሆን የገዛን እሱ ነው፤ ያን መርሳት ነውር ነው። እኛን የቆጨን የ330 ብሩ ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል ባላስቸገርናችሁ። የቆጨን "አሮጌ ነው፣ የፈላሻ ሥራ ነው" ያለው ነው።

ታላላቆቻችሁ ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጎረቤቶቻችን የነበሩት ቤተ እስራኤል ናቸው፤ "ፈላሻ" የሚለው ስም እንደሚያስከፋቸው የማያውቅ የለም። ከአገሩ ሰው ብዙው በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ሌላው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄደ፤ በዚያን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጉዟል። ወለቃ ላይ ዛሬ ሸክላ የምንሠራው እኛ ነን። ኮከቡን እየሳልን የሄዱትን ሰዎች ስም የምንሸጥ ከሆነ እነርሱንም እንበድላለን፣ ራሳችንንም እንደብቃለን። ሸክላ ሠሪን "ቡዳ" ብሎ የሚሰድብ አፍ በነበረበት ዘመን መደበቅ ያስኬድ ይሆናል። አሁን የምንደበቀው ከማን ነው? የግንቡን ግንበኞች ስም የሚነግረን አስጎብኚ አጣን ብለን ተከፋን። የሸክላችንን ሠሪዎች ስም ያላስቀመጥነው ግን እኛው ነን።

ኮከቡን ተዉት አንልም። የቦታው ታሪክ ነው፤ ገዢም ይወደዋል። የሄዱት ሰዎች ሥራ እንደነበረ፣ ዛሬ ደግሞ እኛ እንደምንሠራው ለጠየቀ ሁሉ እውነቱን እንንገር ነው የምንለው። ሥሩ ላይም፣ ሸክላው ሳይደርቅ፣ የሠሪዋ ስምና "ወለቃ" የሚል ይጫርበት። መጻፍ የማትችሉ እናቶች የየራሳችሁን ምልክት አውጡ፤ ምልክቱን ከስማችሁ ጋር በመዝገብ እናስገባዋለን።

እንግዳው ወደ እኛ ካልመጣ እኛ እንሂድ ደግሞ እንላለን። ቅዳሜ ቅዳሜና በበዓል ሰሞን ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ ከተማ ውስጥ ጠረጴዛ እናውጣ። ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ማመልከቻው ተጽፏል። እንስራና ምጣድ ይዘን አንሄድም፤ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው እንስራ አይገዛም። በእጅ ቦርሳ የሚገባ ይሁን፦ ትንሿ ጀበና፣ የዕጣን ማጨሻ፣ ምስሎቹ።

አስተሻሸጉም አለ። ያን የ450 ብር ሰሎሞን ነጋዴው በጋዜጣ ጠቅልሎ ነበር የሰጠን። ባጃጁ ከፒያሳ ወለቃ እስኪደርስ የንግሥተ ሳባ ክንድ ተሰበረ። እዚህ አለላችሁ፣ እየተቀባበላችሁ እዩት። እኛም እስከ ዛሬ የምንጠቀልለው በጋዜጣ ነው። ጭድ አለን፣ የካርቶን ሣጥን ሱቆች ይጥሉታል። ይህ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም።

አንዲት እህታችን ቅድም በር ላይ "ነጋዴው ቢቀየመንስ?" ብላናለች። ሊቀየም ይችላል። ለእሱም ስም ያለበትን ሸክላ እንሽጥለት፤ ዋጋው ግን 200 ብር ይሁን። 200 ከከፈለም 250 ይቀርለታል።

በማኅበሩ ሣጥን ዛሬ 11,400 ብር አለ። ለጠረጴዛው፣ ለድንኳን ሸራውና ለመጀመሪያው ወር መጓጓዣ 4,000 ብር ይውጣ ነው ጥያቄያችን። እጅ ከማውጣታችሁ በፊት የመጀመሪያው ቅዳሜ ተረኞች ይታወቁ። ጭዱን ከአውድማው የሚያመጣልን አባወራው ነው፤ ቃል ገብቷል።