የአንዲት ጠባብ ግቢ ውሎ
(በልደታ ክፍለ ከተማ ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ዕቅድና ሪፖርት ከመነጋገራችን በፊት፣ በዚሁ በልደታ ወደምትገኝ አንዲት ጠባብ ግቢ ይዣችሁ ልግባ። የቤተ ሰቡን ስም አልጠራም፤ ኑሮአቸው ግን የብዙዎቻችን ጎረቤት ኑሮ ነው። በዙሪያቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ለእነርሱ የቀረቻቸው ከአሮጌው የጭቃ ቤት ጀርባ ያለች፣ ርዝመቷ በእርምጃ ቢለካ ከዐሥር የማይበልጥ መሬት ናት። በእርሷ ላይ ሃያ የእንቁላል ዶሮዎች፣ በጆንያና በተሰነጠቀ ባልዲ የተተከለ ጎመንና ቆስጣ፣ በጥጓም የፍግ ጉድጓድ አለ።

እናት የሚነሡት የኪዳን ደወል ሲሰማ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በሌሊት የመጣ እንደ ሆነ ከዚያም ቀድመው ተነሥተው ጀሪካን ይሞላሉ። የዶሮዎቹን መጠጫ አጥበው ይሞላሉ፤ መኖ ሰፍረው ይሰጣሉ፤ የረጠበውን ሰጋቱራ አውጥተው በደረቅ ይተካሉ። አባት ከሌሊት ጥበቃ ሥራቸው ሲመለሱ ኩሱን ወደ ጉድጓዱ ያወርዳሉ፤ ሸለምጥማጥ እንዳይገባም የአጥሩን ሽንቁር ይደፍናሉ። አያት አትክልት የታጠበበትን ውኃ ሳያፈሱ ለጎመኑ ያጠጣሉ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንቁላሉን ለቅማ ቍጥሩን በደብተር ትመዘግባለች። ጾም ላልደረሰባቸው ታናናሾቿ ለየዕለቱ ይቀመጣል፤ የተረፈው ይሸጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ከዓመታት በፊት በመስከረም አጋማሽ የ45 ቀን ጫጩቶችን ለችግረኛ ቤተ ሰቦች አከፋፈልኩ፤ ፎቶ ተነሣን፤ ሪፖርቱም አማረ። ዶሮ በአምስት ወር ገደማ እንቁላል መጣል ይጀምራልና፣ ለገና አካባቢ ጀመሩ። እንቁላሉ መብዛት ሲጀምር ግን ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ዶሮ ግን አትጾምም። አንዲት ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ብትበላ፣ ሃያ ዶሮዎች በቀን 2.4 ኪሎ፣ በ55ቱ የጾም ቀናት ደግሞ 132 ኪሎ ይበላሉ። ከፋሲካ በኋላ ልጎበኝ ስሄድ ብዙዎቹ ቆጦች ባዶ ነበሩ። ለቀሪዎቹ መኖ መግዣ ግማሹን ሸጡ፤ በኋላም ቀሪዎቹን ሸጡ። አንዲት እናት፣ «ዲያቆን፣ ዶሮ ሰጣችሁን፤ በጾሙ ማን ይቀልባቸዋል ብላችሁ ግን አልጠየቃችሁንም» አሉኝ። ስለ ጾም የማስተምር ሰው፣ ሥራዬን ስወጥን የጾሙን ወራት አላየሁም ነበር።

የልደታው ቤተ ሰብ የቆመው ይህን ስላሰበ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች የወሰዱት ከጥምቀት ሰሞን ስለ ነበር፣ የመጀመሪያው እንቁላል ለግንቦት ልደታ አካባቢ ደረሰ። በፍስክ ወራት ከሚሸጡት ከየአምስቱ እንቁላል የአንዱን ዋጋ ለጾሙ መኖ ያስቀምጣሉ። ጎመኑንም ጾም ሲገባ እንዲደርስ አስቀድመው ያፈሉታል፤ እንቁላሉ ገበያ ሲያጣ ጎመኑ ፈላጊ ያገኛል። በኩሱ የለማው ጎመን ዶሮዎቹን ይቀልባል ማለት ነው።

የከተማ ግብርናም ሆነ በ2015 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በየሰበካችን በር ከፍቷል። በዚህ በር ስንገባ ሦስት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ እለምናለሁ። ውኃውን የሚቀዳው ማን ነው? ሸክሙ በአንዲት እናት ላይ ብቻ ከወደቀ፣ ልማት ያልነው ነገር ተጨማሪ ድካም ይሆንባታል። የፈንግል ክትባት በጊዜው የሚያስከትበው ማን ነው? በሽታው ከገባ የዓመት ድካም በጥቂት ቀናት ያልቃል። በጾሙስ መኖ የሚገዛው ማን ነው?

ለመጨረሻው ጥያቄ ኮሚቴዎቻችን መልስ መሆን ይችላሉ። ሃያ ሃያ ዶሮ ያላቸው አምስት ቤተ ሰቦች ለጾሙ የሚያስፈልጋቸው 660 ኪሎ፣ ማለትም ከስድስት ኩንታል ተኩል ጥቂት የሚበልጥ መኖ ነው። ከየቤቱ በየሳምንቱ ጥቂት ተሰብስቦ፣ ሰበካውም የጎደለውን ሞልቶ፣ ጾም ሳይገባ በአንድነት ቢገዛ፣ በየሱቁ በኪሎ ከመሸመት ያድናቸዋል።

አባቶቼ፣ አዳም በገነት የተሾመው እንዲሠራና እንዲጠብቅ ነበር። እኛ ብዙ ጊዜ ሰጥተን እንሄዳለን፤ መጠበቁን ለድኻው ብቻ እንተዋለን። ከእንግዲህ የስጦታችንን መልካምነት በተሰጠበት ቀን ፎቶ አንለካው። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ወደዚያች ግቢ እንሂድ፤ ዶሮዎቹ በቆጣቸው ካሉ፣ ያን ጊዜ ሰጥተናል ማለት እንችላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።